ከሻይ ጋር የተዋጠ እምቢታ

ሬዲዮው ሲንኮሻኮሽ ጃይፔቲ በጥበቃ ጎጆው ውስጥ ካልሲውን ምድጃ ላይ እያደረቀ ነበር። ተናጋሪው ነዳጅ ሊያመጣ ወደ መንደር የሄደው ባልደረባው ሌቪ ነው።

«ጃይፔቲ፣ ትሰማኛለህ?»

«እሰማሃለሁ። ትምባሆዬን እንዳትረሳ።»

ሌቪ አልሳቀም። «አክስትህ አረፈች። ሻይ አምጡልኝ ብላ፣ ሻዩ ሳይደርስላት። ልጇ ኢጋ ያንን የእርግዝና ሆዷን ይዛ አጠገቧ ነበረች።»

ጃይፔቲ «እሺ» አለ። ካልሲውን ገና እርጥብ እንደሆነ አደረገና ወጥቶ ባሕሩን አየ። ባዶ ነበር።

እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው ይህችው አክስቱ ቃፒክ ናት። ሰፊው የበረዶ ባሕር ጥብቅ ክልል ሆኖ ከመንደሩ ሰው ጠባቂ ሲመረጥ፣ ከሁሉ በላይ የኮራችው እሷ ነበረች። የቀይ ጃኬቱን እጅጌ ራሷ አሳጠረችለት። «ዓይንህ ጎበዝ ነው፤ አፍህ ግን ሰነፍ» አለችው መርፌውን ስታስቀምጥ። ሥራውም የሚፈልገው ሁለቱን ነው። እነዚያ ባለ ረጅም ቀንድ ዓሣ ነባሪዎች፣ ናርዋሎቹ፣ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ወሽመጡ ሲገቡ መርከብ እንዳይከተላቸው ማየትና መናገር።

በዚያ በጋ ቃፒክ ታመመች። ደቡብ ወዳለው ሆስፒታል አልሄድም አለች። ያማራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የናርዋል ጥሬ ቆዳ ከነስቡ።

ናርዋል ማደን የተፈቀደላቸው የመንደሩ አዳኞች ሊወጡ ሲሰናዱ አንዲት የቱሪስት መርከብ መጣች። ሌቪ ተኝቶ ስለነበር ጃይፔቲ ብቻውን በጀልባ ሄደ። ካፒቴኑ ሽበታም፣ ትሑት ሰው ነው። መርከቧ ላይ አውጥቶ ወንበር ሰጠው፤ ሻይ በገዛ እጁ ቀዳለት።

«ቀስ ብለን ትንሽ ወደ ውስጥ ብንገባ ችግር አለው?» ሲል ጠየቀው።

ጃይፔቲ አፍንጫውን ሸበሸበ። መንደሩ ውስጥ ቢሆን ይህ እምቢታ በቂ ነው፤ በዕድሜ የሚበልጥህን፣ ያውም በእጁ ያጠጣህን ሰው ፊት ለፊት አይሆንም ማለት ነውር ነው። ካፒቴኑ ግን ምንም እንዳልገባው ፊቱ ይናገር ነበር። ጃይፔቲም ይህን አየ። አንድ ቃል መጨመር ይችል ነበር። ሻዩን ጠጣ።

«አመሰግናለሁ» አለው ካፒቴኑ። ጃይፔቲ ጀልባው ውስጥ ሳይደላደል የመርከቧ ሞተር ተነሣ፤ አፍንጫዋም ወደ ወሽመጡ ዞረ።

ናርዋሎቹ ከወሽመጡ ሸሽተው አዳኞቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። መንደሩ ሁሉ ምናልባት ሌሎች ዓሣ ነባሪዎች አባረዋቸው ይሆናል አለ። ጃይፔቲ መርከቧን አላነሣም። ቃፒክ ከአልጋዋ ሆና ትቀልድበት ጀመር።

«አንተ ጠባቂ፣ ምሳዬን ለማን አስረከብከው?»

«ይመጣል፣ አክስቴ።»

«በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው? የቀሩኝም ጥርሶች ሳይረግፉ ይድረስ በለው!»

እሱም አብሯት ሳቀ። አሁን ከሁሉ የሚያሳፍረው ያ ሳቅ ነው።

ከቀብሩ በሳምንቱ የቃፒክ ልጅ ኢጋ ሴት ልጅ ወለደች። የሟቿ ስም ወጣላት፤ በመንደሩም ወግ ከስሙ ጋር ዝምድናው ወደ ሕፃኗ ተላለፈ። ኢጋ የወለደቻትን ልጅ «እማዬ» እያለች ታጠባለች። ጃይፔቲም «አክስቴ» ሊላት ይገባዋል።

«ግባ እንጂ!» አለው ሌቪ፣ በሩ ላይ ቆሞ ሲያመነታ ቢያየው። «አክስትህ ስትጠብቅህ ነው የዋለችው።»

ኢጋ ሕፃኗን አሳቀፈችው። ሕፃኗ ዓይኗን ገለጥ አደረገችና አፍንጫዋን ሸበሸበች።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። «እምቢ አለችህ!» ብሎ ሌቪ ጭኑን መታ። «ራሷ ናት! ቃፒክ ራሷ!»

«ምሳዋን ሳይዝ መጥቶ ምን ታድርገው?» አለች ኢጋ፣ እየሳቀች እንባዋን እየጠረገች።

ጃይፔቲ ሕፃኗን ለእናቷ መለሰና ቦት ጫማውን ይፈልግ ጀመር።

«ሻይ አትጠጣም?» አለችው።

«ጠጥቻለሁ።»

አሁን ወደ ጎጆው ተመልሷል። መርከብ ሲመጣ በሬዲዮ «አይቻልም» ይላል፤ ድምፁ ግን ይሰበራል፤ ሌቪ በብርድ ነው ይለዋል። ስለዚያች መርከብ ለሌቪም ለኢጋም አልነገራቸውም። ሕፃኗንም እስካሁን አክስቴ ብሎ አልጠራትም።