ወርቅቱ እሺ ያላለችበት ሰኞ

ወርቅቱን የሰበታ ሰው የሚያውቃት በጥያቄዋ ነው። ቄሱን በስብከት መሀል፣ ነጋዴውን በሚዛን መሀል ታስቆማለች፤ መልስ ካላገኘች ደግሞ ንቅንቅ አትልም። ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ ከታላቅ ወንድሟ ከጎበና ጋር ከአባታቸው የወረሱትን የወንዝ ዳር መሬት እኩል ታሳርሳለች። ድንበር አልለዩም፤ ከብቶቻቸውም አብረው ነበር የሚግጡት።

በጃንሆይ ዘመን፣ በአንድ የሰኔ ቅዳሜ፣ አቶ ዳኜ የሚባል የአዲስ አበባ ሀብታም መኪናውን ጅማ መንገድ ላይ አቁሞ መጣና ሽማግሌ በተሰበሰበበት ለጎበና አዲስ ቡልኮ ደረበለት። በዚያ ሰፈር ሽማግሌ ፊት የተደረበልህን ልብስ አውልቀህ መመለስ ሰውየውን ከመስደብ አይተናነስም። መከበርን ማን ይጠላል? ጎበና ደረቱን ነፋ። ዳኜ መሬቱን እንደሚፈልግ የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ብልጥ ሰው! የሰው ልብስ ትከሻው ላይ እያለ ጎበና እንዴት እምቢ ይበል? «እሺ» አለ። ሰኞ ውሉን ሊፈርም ተቀጠረ። ወርቅቱን የጠየቃት የለም። ወሬውን ከጎረቤት ስትሰማ አንጀቷ አረረ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንደ ልማዷ ፊደል ልትቆጥር ሄደች። ጎልማሶቹን የምታስተምረው ወይዘሪት ሮማነወርቅ፣ ተማሪዎቿ ማዛጋት ሲጀምሩ የሩቅ አገር ታሪክ ታወራላቸዋለች። የዚያን ቀን ያነሳችው ኒውዚላንድ የምትባል፣ ውቅያኖስ የከበባት አገር ነበረች።

«በእኛ አቆጣጠር ሺህ ስምንት መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው» አለች። «የእንግሊዝ ንግሥት መልእክተኛ ባላባቶቹን ሰብስቦ ውል አቀረበላቸው። አንዳንዶቹ በፊርማ ፋንታ ፊታቸው ላይ ያለውን ንቅሳት ወረቀቱ ላይ ሣሉ። ለፈረሙትም ብርድ ልብስና ትምባሆ ታደላቸው።»

«ብርድ ልብሱን ሲቀበሉ ምን መስሏቸው ነው?» አለች ወርቅቱ።

«የወዳጅነት ስጦታ መስሏቸው ይሆናል። መሬታችሁ የእናንተው ነው ተብለው ነበር። ኋላ ግን አብዛኛው በግዢም በጦርነትም ከእጃቸው ወጣ።»

«ሴቶቹስ?»

«ጥቂቶች ፈርመዋል። አንዲት የባላባት ልጅ ግን ልፈርም ብትል ሴት ነሽ ብለው ከለከሏት።»

ወርቅቱ ሳታስበው አንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳት ዳሰሰች። ያቺን ሴት አይታ የማታውቃት ብትሆንም አዘነችላት። ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን ሌላ ነገር መጣላት። አለመጠየቋ ሲያንገበግባት አድሯል፤ ያልተጠየቀ ሰው ደግሞ እሺ አላለም።

ሰኞ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ለፊርማው ከዳኜ ጋር ጎበና ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሳለ ካፊያው እየወረደባት መሀላቸው ገባች። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡትን ኦቦ ባይሳን እጅ ነሳችና፣ «አባቴ፣ እርስዎ ይፍረዱኝ» አለች። «አያ ጎበና ተደርቦለታል፤ የራሱን ድርሻ ይስጥ። ለእኔ ማን ደረበልኝ? እኔ መቼ እሺ አልኩ?»

«ዱጋ! እውነቷን ነው» አሉ ኦቦ ባይሳ።

ዳኜም የዋዛ አልነበረም። ወዲያው ደጅ ካቆመው መኪናው ሌላ ቡልኮ አውጥቶ ከኋላዋ መጣና ደረበላት። ሙቀቱ አጥንቷ ድረስ ገባ። ሁሉም አፏን ይጠብቃል፤ ጎበና በዓይኑ ይለምናታል። ወርቅቱ ቡልኮውን በእጇ አልነካችም። ወደፊት ተራመደች። ቡልኮው ተንሸራትቶ ጭቃው ላይ ወደቀ።

እንዲህ ያደረገ ሰው በዚያ ሰፈር ታይቶ አያውቅም። አንዱ ሽማግሌ «ባለጌ!» አላት፤ ሌላው ፊቱን አዞረ። ወርቅቱ ወደ ኋላዋ ሳታይ ቤቷ ገባች።

መሬቱ ለሁለት ተከፈለ። ጎበና ድርሻውን ፈረመ፤ ዳኜም ክረምቱ ሳይወጣ በሽቦ አጠረው። ወንድምና እህት ለቅሶ ቤት እንኳ ተራርቀው ይቀመጡ ጀመር። ወርቅቱ መሬቷን ብታተርፍም ደስታው አልጣማትም፤ ወንድሟ ናፍቋታል።

በጋው ሲጠና የጎበና ከብቶች እንደ ልማዳቸው ወደ ወንዙ ወረዱና ሽቦው ጋ ቆመው ያገሱ ጀመር። ጎበና በትሩን ይዞ ከኋላቸው ቆሟል፤ ወዴት እንደሚነዳቸው ግራ ገብቶታል። ወርቅቱ ከራሷ በኩል አየችው።

«አያ» አለችው፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። «በእኔ በኩል ንዳቸው እንጂ።»

«ያንቺ ነው» አለ ጎበና።

«የአባታችን ነው» አለችና መንገድ ለቀቀችላቸው።