ማንደፍሮ ያጣው ሽቦ

በ1986፣ እንደ ፈረንጆቹ መሆኑ ነው፣ ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ፣ ላክ ሰፈር መኪና የነበረን ሐበሾች ብዙ አልነበርንም። የምንነዳውም ሰው የጠገበውን መኪና ነው። ሁላችንም ግን ማንደፍሮን እናውቀዋለን። አዲስ አበባ ሃያ ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠርቷል። ዴን ሃግ ውስጥ ወረቀቱን አይቶ የሚቀጥረው ጋራዥ ስላጣ ማታ ቢሮ ይጠርጋል፣ ቀን ደግሞ የእኛን ቴፕና መብራት ይገጥማል። ሚስቱ አገር ቤት እንዳለች ነው የሞተችበት። መርዶዋን ትራም ውስጥ ቆሞ፣ ከደብዳቤ ላይ አነበበው። አጠገቡ የነበሩት ሰዎች ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከዚያ በኋላ ስለ እሷ አንስቶ አያውቅም።

በሥራው ግን ግትር ነው። ቴፑን በቀጥታ ከባትሪው አገናኝልኝ ያለውን ሰው ይቆጣዋል፤ “ከፍተኸው ታድራለህ፣ ጠዋት መኪናህ አልነሳ ሲል እኔን ትረግማለህ” ይላል። እሱ የሚፈልገው ቁልፍ ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያገኘውን፣ ቁልፍ ሲመለስ የሚቋረጥበትን ሽቦ ነው። ዳሽቦርዱ ሥር ይጋደምና የመሞከሪያ አምፖሉን አንዱን ጫፍ ከመኪናው ብረት ጋር ያስይዛል፤ በሌላው ጫፍ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየነካ፣ መሪው ላይ የተቀመጠውን ሰው “አዙር!” “መልስ!” ይለዋል። አምፖሉ በርቶ ከጠፋ ሽቦው ተገኘ ማለት ነው። አጥቶት የቀረበት ቀን የለም፤ ይህንንም ራሱ ሳይነግረን የዋለበት ቀን የለም። ጉረኛ አልወድም፣ ግን እውነቱን ነው።

በኅዳር ወር እዚሁ ቅርብ ዴልፍት ከተማ የሚማር አንድ ተማሪ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ለአየለ ካሴት ይዞለት መጣ። አየለ ስኬቨኒንገን፣ ባሕሩ ዳር፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ዕቃ ያጥባል፤ ለእናቱ አንድ ልጅ ነው። እናቱ መጻፍ ስለማይችሉ ድምፃቸውን ያስቀርጹና በመንገደኛ ይልኩለታል። ተማሪው ካሴቱን ለአየለ ሰጠው፤ ወሬውን ግን ሁላችንም እንደ እናት ለምናያቸው ለእትዬ ወለተጊዮርጊስ ነገራቸው። የአየለ እናት ያንን ካሴት አልጋ ላይ ሆነው አስቀርጸው፣ ሳይሰነብቱ አርፈዋል። ካሴቱን ከመስጠቱ በፊት ትልቅ ሰው ቢያማክር ምን ነበረበት! ተምሮ ተምሮ ይህን አያውቅም።

እትዬ ወለተጊዮርጊስ እሑድ ንጋት ላይ ተሰብስበን ሄደን እንድናረዳው ወሰኑ። እስከዚያ ካሴቱን እንዳይሰማ፣ ለልጅ ልደት ነው ብለው የቤቱን ቴፕ ተዋሱት። የቀረው መኪናው ነው። አየለ ለአሮጌው ኦፔሉ ቴፕ ገዝቶ ለዓርብ ከማንደፍሮ ጋር ተቀጣጥሯል። እትዬ እኔን አስከትለው ማንደፍሮ ቤት ሄዱ።

“የእናቱን የደከመ ድምፅ ከሰማ ይገባዋል። ብቻውን መንገድ ላይ እንዳይሰማው። እስከ እሑድ አቆይልኝ፣ ልጄ።”

“ምን ብዬ ነው የማቆየው፣ እትዬ?”

“ሽቦው ጠፋብኝ በለው።”

ማንደፍሮ መሬት መሬት አየ። እምቢ የሚል መስሎኝ ነበር።

“እሺ” አለ። “ብቻውንስ አይስማ።”

ዓርብ ዝናቡ አልለቀቀንም። እኔ ጃንጥላ ይዤ በተከፈተው በር ቆሜያለሁ። ቴፑም ድምፅ ማጉያዎቹም ተገጥመው የቀረው ኤሌክትሪኩ ብቻ ነው። አየለ ካሴቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቁልፉን ያዞራል፣ ይመልሳል፤ ፊቱ ፈክቷል።

“ይሄም አይደለም” ይላል ማንደፍሮ ከሥር። “ይሄኛው ቁልፉ ወጥቶም አይጠፋም። ይሄኛው ጭራሽ ኤሌክትሪክ የለውም።”

ውሸት አይችልበትም። ድምፁ ተለወጠ፤ ስድብ የለ፣ ጉራ የለ። ሦስተኛው ሽቦ ላይ አምፖሉ በርቶ በመዳፉ ሲሸፍነው አየሁት። ያየሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም።

“ጋሼ ማንደፍሮ፣ በራ እኮ።”

“የለም፣ የለም። ይሄ መኪና አስቸጋሪ ነው። ለሰኞ ብናደርገው…”

አየለ ቁልፉን ለቀቀው።

“ቴፔን እትዬ ወለተጊዮርጊስ ወሰዱ” አለ ቀስ ብሎ። “አንተ ደግሞ ሽቦ ጠፋብኝ አልክ። አንተ?”

ማንደፍሮ አምፖሉን ከሽቦው አነሳ።

“ማን ሞቶብኝ ነው?”

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። እንዲህ ተጠንቅቀን፣ እንዲህ ተማክረን፣ የፈራነውን ራሳችን አመጣነው።

“እናቴ ናት?”

ማንደፍሮ ተነስቶ ዓይኑን ማየት አልቻለም። እንደተጋደመ “እሑድ፣ ሰው ባለበት…” ብሎ አቋረጠው።

“አገናኝልኝ” አለ አየለ።

“አየለ፣ ወንድሜ…”

“አገናኝልኝ አልኩህ!”

ማንደፍሮ ፒንሳውን አነሳ። የሽቦውን ልጣጭ ላጠው፣ ጠመዘዘው፣ አሰረው። ከዚያ ወጥቶ እርጥቡ አስፋልት ላይ ቁጭ አለና ጮክ ብሎ አለቀሰ። አንዲት ሴት ብስክሌቷን አቁማ አየችን፣ ከዚያ ሄደች።

አየለ ካሴቱን ከተተው። መጀመሪያ ሽው ሽው የሚል ነገር ተሰማ፤ ቀጥሎ ሳል፣ ቀጥሎ የደከመ የአሮጊት ድምፅ።

“አዩዬ፣ ይሰማሃል? ይሄ ዕቃ ይቅዳ አይቅዳ እንጃ። ይሰማሃል፣ ልጄ?”

አየለ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

“ይሰማኛል፣ እማዬ” አለ።