የኮሪያው ስልክና የቢስቲማዋ መራቂ

ኮምቦልቻ አስተምርበት የነበረው ኮሌጅ የግዥ ኮሚቴ ሁለት ስልኮችን ለማነጻጸር አራት ጊዜ ተሰብስቧል። እኔም የኮሚቴው አባል ስለነበርሁ፣ አራት ጠዋት ከደሴ በሰርቪስ ቁልቁለቱን ወርጄ ሁለት የተማሩ ወንዶች እንደ ሕፃን ሲሟገቱ አድምጫለሁ።

ስልኩ የተፈለገው ለእኔ ጥናት ነበር። የማጠናው የወረባቦ ወረዳን ሴት መራቂዎች ሲሆን፣ ረጅሙን የጥንት ምርቃት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያውቁት ከቢስቲማ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ብቻ እንደ ቀሩ አረጋግጫለሁ። ዐይናቸው ጠፍቷል፤ የተካቸውም አልነበረም። ድምፃቸው ካልተቀዳ ምርቃቱ አብሯቸው ይቀበራል። የትምህርት ክፍሉን መቅረጸ ድምፅ ይኸው ኮሚቴ «ዘመኑን አይመጥንም» ብሎ አስወግዶታል።

ከደሴ ፒያሳ ሱቆች በተሰበሰበው ፕሮፎርማ መሠረት ለመጨረሻው ውድድር የቀረቡት አንድ የኮሪያና አንድ የቻይና ስልክ ነበሩ። የቻይናው ወፍራም ነው፤ ሁለት ሲም ይይዛል፤ ባትሪው ሁለት ቀን ይቆያል። የኮሪያው ስስ ነው፤ ያበራል፤ የፊት ካሜራ አለው። ሰብሳቢው የኮሪያውን መስተዋት በከረባቱ ጫፍ ወልውሎ ወደ ፊቱ አዞረና ጸጉሩን አስተካከለ።

«ጥርት አድርጎ ነው የሚያነሳው» አለ።

«ባትሪውስ?» አልሁ።

«ዶክተርዬ፣ ባትሪ እኮ ቻርጅ ይደረጋል።»

«የምሄድበት ቀበሌ መብራት የለም።»

«ታዲያ ቻይና ይዘን ልንወጣ ነው?» አለ ሌላው አባል። «እሱ እኮ ሲጮህ ባጃጅ የመጣ ነው የሚመስለው!»

ተሳሳቁ። ሰብሳቢው ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ባለ ቁልፍ ስልኬን በጣቱ ነካ አደረጋት። «አንቺ ደግሞ ዶክትሬቱን በኩራዝ ነው እንዴ የሠራሽው?»

ጥናቱ ሲያልቅ ስልኩ በማን ኪስ እንደሚቀር ሦስታችንም እናውቅ ነበር። ስለዚህ ሰውየው የሚያነጻጽረው የእኔን ሥራ ከሥራዬ መሣሪያ ጋር አልነበረም፤ የገዛ ፊቱን ከሁለት መስተዋቶች ጋር ነበር። ቃለ ጉባኤው «ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ የኮሪያውን መርጧል» ይላል። የልዩነት ሐሳቤን ማስመዝገብ እችል ነበር። በሚቀጥለው ግምገማ ላይ «ከቡድን ጋር የማትሠራ» መባሉን ፈርቼ ፈረምሁ።

ሰብሳቢው አስተባባሪ ነኝ ብሎ አብሮኝ መጣ። ሐይቅ ስንደርስ መኪናውን አስቁሞ በስልኩ ራሱን አነሳ፤ ከውሃው ጋር፣ ያለ ውሃው፣ በመነጽር፣ ያለ መነጽር። ቢስቲማ ላይ ምሳውን አነሳ። በእግር ዳገቱን ወጥተን ከአሮጊቷ ደጅ ስንደርስ ከባትሪው የቀረው ጥቂት ነበር።

ቤቱ በጎረቤት ሴቶች ሞልቷል፤ ሰብሳቢው ውጭ ቀረ። አሮጊቷ መደባቸው ላይ ተቀምጠው ድምፄን ወደ ሰሙበት ዞሩ።

«አንቺ ነሽ የተማርሽው?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«እንግዲያ ቅረቢ፤ መዳፍሽን ዘርጊ።»

መዳፌን አልዘረጋሁም፤ ስልኩን ይዣለሁ። ጀመሩ።

«ያ ረቢ! በር ያለው ቤት እንግዳ አይጣ።»

«አሚን!» አሉ ሴቶቹ።

«እግር ያለው መንገድ አይጣ፤ እንባ ያለበት አባሽ አይጣ።»

«አሚን!»

ድምፃቸው ከፍ ዝቅ እያለ ቀጠለ። እኔ ከመስተዋቱ ጥግ የምትወርደውን የባትሪ ቁጥር እመለከት ነበር። ከዚያ መስተዋቱ ጠቆረ። ቁልፉን ተጫንሁ፤ ደግሜ ተጫንሁ። ቦርሳዬ ውስጥ እርሳስ ፈለግሁ። ሳገኘው ሴቶቹ ፊታቸውን በመዳፋቸው እያበሱ ነበር። አልቋል።

«እማማ፣ መሣሪያው ጠፍቶብኝ ነው። እባክዎ ከመሀሉ ይድገሙልኝ።»

«የወጣ ዱአ ተመልሶ ይገባል እንዴ ልጄ? እሱ ሄዷል።»

«ለትምህርት ነው፤ እንዳይጠፋ ብዬ ነው።»

«እዚሁ አልነበርሽም?» አሉ፤ ግራ ተጋብተው። «ከሰማሽው መቼ ይጠፋል?»

ውጭ ሰብሳቢው መጠበቁ አሰልችቶት ይንቆራጠጣል። «ሌላ ጊዜ እንመለሳለን ዶክተርዬ» አለኝ። «ፎቶውን ግን ታያለሽ፤ ወደር የለውም!»

ሌላ ጊዜ የተባለው ሳይደርስ አሮጊቷ አረፉ። ስልኩ፣ እንደሚጠበቀው፣ ሰብሳቢው ኪስ ውስጥ ቀረ፤ ለሪፖርቱ ሽፋንም ሐይቅ ዳር በመነጽር የተነሳውን መረጠ። እኔ ለብቻዬ ቢስቲማ ተመልሼ ጎረቤቶቹን ቤት ለቤት ጠየቅሁ። «እኛማ አሚን ነው ያልነው» አሉኝ። እነሱ ቢያንስ አሚን ብለዋል።

ለሁለቱ ባልደረቦቼ ያለኝ ንቀት ዛሬም አልቀነሰም፤ የሚገባቸውን ያህል ነው። ነገር ግን ስልኩ ከጠፋ በኋላ አሮጊቷ ሳያቋርጡ ቀጥለው ነበር፤ እኔም ከእሳቸው በክንድ ርቀት ላይ ነበርሁ። ጆሮዬ ጤነኛ ነው። ከዚያ ሰዓት ግን አንድም ቃል አልያዝሁም። አጥርቼ የማስታውሰው አራት፣ ሦስት፣ ሁለት እያለች የወረደችውን ቁጥር ነው።