የዘመመው «መብረቅ»

በሐይቅ ከተማ ፊደልን አዝምሞ መጻፍ የጀመርኩት እኔ ነኝ። አስተማሪ አልነበረኝም፤ ከዘይት ቆርቆሮና ከዱቄት ጆንያ ላይ ጽሑፍ እየቀዳሁ ብቻዬን ተማርኩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ባለፈው ሳምንት አንድ የባጃጅ ሹፌር በባጃጁ ጎን ላይ የለጠፈውን፣ በኮምፒውተር የታተመ ወፍራም ዘመም ያለ ጽሑፍ እያሳየ «አባባ፣ ዘመናዊ ማለት ይሄ ነው» ስላለኝ ነው። ሳቅኩበት። ሞተሩን ሲያስነሳ ግን እግሬ ሳላዘው ፍሬን ፍለጋ መሬቱን ረገጠ።

በጎረምሳነቴ የሰይድን ቅጥቅጥ አውቶቡስ ቀባሁ። ሰይድ ባለቤትም ሹፌርም ነበር። «ቆማም የምትሮጥ ትምሰል» አለኝ። በሁለቱም ጎን «መብረቅ» ብዬ በቀይ ጻፍኩ፤ ፊደላቱ ደረታቸውን ወደ ፊት ሰጥተው፣ ከኋላቸው ነፋስ የሚጎትተው ጭራ አስከትለው። በግራም በቀኝም ወደ መኪናው አፍንጫ እንዲያዘምሙ ማድረግ ቀላል እንዳይመስላችሁ!

በማግስቱ ማለዳ ለውጫሌ ገበያ ከመነሳቱ በፊት፣ እንደ አገራችን ልማድ ዱዓ ተደረገ፤ እስላም ክርስቲያኑ «አሚን» አለ። ዱዓውን የመሩት ሽማግሌ ሼህ ቀና ሲሉ ጽሑፉን አዩ።

«ይህ ፊደል ታመመ እንዴ? ምነው ተጋደመ?»

«እየሮጠ ነው፣ ሼህዬ።»

«ፊደሉ ከሮጠ መኪናው ምን ሊሆን ነው?»

ሳቅ ሆነ፤ የሚሳፈር ግን ጠፋ። ሰይድ ተናዶ በቀለም ማስለቀቂያ አኳራጅ የተነከረ ጨርቅ አነሳ። ቀለሙ ገና እርጥብ ነው፤ ሥራዬ በአንድ ጠረጋ ሊጠፋ። ሼሁ እጁን ያዙት።

«ተው። የጻፈው ልጅ ፊት ወንበር፣ በገደሉ በኩል ይቀመጥ። እሱ ነፍሱን ያላመነበትን እኛ አናምንም።»

ተቀመጥኩ። ክረምት ነበር፤ የአምባሰል ጉም መንገዱን ውጦታል። ቁልቁለቱ ሲጀምር ሰይድ ነዳጁን ረገጠ።

«ሰይዶ፣ በሞቴ ቀስ!»

«አንተ አይደለህ መብረቅ ያልከኝ? ስሜን ላሰድብ?»

ጉሙ ሲገለጥ የማሽላው ማሳ ከእግሬ ሥር መዳፍ አክሎ ታየኝ። የምቆረጥመው ቆሎ አፌ ውስጥ አሸዋ ሆነ። አንዱ ጥምዝ ላይ የኋላው ጎማ ተንሸራተተ፤ ጠጠሩ ወደ ገደሉ ሲንኮታኮት ሰማሁ፤ ማረፊያው ግን አልተሰማኝም። ሼሁ ከኋላ ትከሻዬን ጨምድደው «ልጄ፣ በአላህ፣ ፊደልህን አቁምልን!» አሉ።

መኪናው ገደሉ አፍ ላይ ቆመ። ሰይድ ማርሹን ወደ አንድ መለሰ። ከዚያ ወዲያ እንደ ጭነት አህያ አዘገምን።

ውጫሌ ስንደርስ የተረፈ ቀለሜን አውጥቼ ከሰይድ ዓይን ትይዩ፣ ከፊት መስታወቱ በላይ፣ ቀጥ ባለ ፊደል «ቀስ በል» ብዬ ጻፍኩ። ሼሁ አይተው «ይኼኛው ጤነኛ ነው» አሉና ለመመለሻው ቀድመው ተሳፈሩ።

«አንተስ፣ ልጄ?»

«ሥራ አለኝ» አልኩ።

እንግዲህ የሠራሁትን ልንገራችሁ። «መብረቅ» ሳይጠረግ ቀረ። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ይዞ በሰላም ገባ። ከዚያ ወዲህ የሐይቅና የውጫሌ ሹፌር ሁሉ የመኪናውን ጎን ዘመም፣ ከዓይኑ ትይዩ ያለውን ቀጥ አድርጌ እንድጽፍለት ደጄን ጠንቷል። እኔም ያን ዕለት በዚያ ጭቃ ከውጫሌ እስከ ሐይቅ በእግሬ ገብቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለባጃጁ ጎረምሳ ከዓይኑ ትይዩ «ቀስ በል» ጽፌለታለሁ። አመስግኖ «ቤትዎ ላድርስዎት» ቢለኝ በእግሬ ሄድኩ፤ ጉልበቴ ዛሬም የታወቀ ነው።