ግማሽ ኪኒን

«ዋጋው ቢጨምርም ሰው መግዛቱን የማይቀንሰው ዕቃ ምንድን ነው?» አለ ዛሬ ጠዋት አስተማሪያችን።

ክፍሉ በአንድ ድምፅ «መድኃኒት!» አለ። እኔ ብቻ ዝም አልኩ።

የፋይናንስ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ ኬሚስትሪ ስለሆነ ከአንደኛ ዓመት ልጆች ጋር የኢኮኖሚክስ መግቢያ ውሰድ ተባልኩ። (የመጀመሪያ ቀን ስገባ አስተማሪ መስያቸው ጸጥ ብለው ነበር።)

ዝም ያልኩት በእማዬ ምክንያት ነው። ለሐኪም ቀጠሮ ከአቦምሳ አዳማ መጥታ እኔ ጋ አርፋለች። ዛሬ ከቤት ልወጣ ስል የደም ግፊት ኪኒኗን በሽንኩርት ቢላ ለሁለት ስትሰነጥቅ ደረስኩባት። ግማሹን ዋጠች፣ ግማሹን በላስቲክ ጠቀለለች።

«እማዬ፣ ሐኪሙ ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ሐኪሙማ ሙሉ ነው ያለው፤ ዋጋው ነው ግማሽ ያለኝ። አንተ ብቻ ትምህርትህን ጨርስልኝ።»

አስተማሪው ሰሌዳው ላይ «መድኃኒት ኢንኤላስቲክ ነው» ብሎ ጻፈ፤ ዋጋው ቢወደድም ሰው መግዛቱን አይቀንስም ማለቱ ነው። እጄን ላነሳ ብዬ ተውኩት። ምን ልበል? እናቴ መጽሐፉን አላነበበችም ልበል?

ቀጥሎ ድንገተኛ ፈተና ሰጠን። ጥያቄው ያው ነበር። እኔም «መድኃኒት» ብዬ ጻፍኩ። እዚያው አርሞ ሙሉ ማርክ ሰጠኝ።

እናንተስ፣ ወላጆቻችሁ በስልክ «ደህና ነኝ» ሲሏችሁ ታምናላችሁ? ዛሬ ኪኒናቸውን አሳዩን በሏቸውና ያያችሁትን እዚህ ጻፉልኝ።

እኔ አሁን ወደ ቤት እየሄድኩ ነው። እማዬ «ትምህርት እንዴት ዋለ?» ትለኛለች።

«ሙሉ አገኘሁ» እላታለሁ።