ጋሽ ቡሩሽ ጀልባዋን ያቆሙበት ቦታ

የጋሽ ቡሩሽ ሥራ የጀልባ ሆድ መፋቅና መቀባት ነው። ባሕሩ ሲሞላ ጀልባዋን ወደ ዳር ይስባሉ፤ ውኃው ሲሸሽ አሸዋው ላይ ቁጭ ትልላቸዋለች። ያኔ የተጣበቀባትን ዛጎል ፍቀው፣ ቀለም ቀብተው ሲጨርሱ ውኃው ተመልሶ ያነሣታል። ዕድሜ ልካቸውን አንድም ጀልባ ደረቅ ላይ አስቀርተው አያውቁም። የገዛ ልጃቸውን ባል ጀልባ አስቀሩ ሲባልማ፣ የወደቡ ሰው እጁን በአፉ ጫነ!

አማቻቸው መካኒክ ነው፤ ሞተር እንጂ ባሕር አያውቅም። ማዶ ሥራ አግኝቶ፣ ሚስቱንና ዕቃውን በጀልባዋ ጭኖ ሊሻገር ነው። ሚስቱ ደግሞ ለጋሽ ቡሩሽ አንድ ልጅ ናት፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱን ቤት ያሰኘችው እሷ ናት። ጋሽ ቡሩሽ መሄዷን ሲሰሙ፣ "ከመሄዳችሁ በፊት ጀልባዋ ትፋቅ" ብቻ አሉ። በሙሉ ጨረቃ ማግስት፣ ውኃው ከሁሌውም ከፍ ብሎ በመጣበት ረፋድ፣ ውኃው እስከደረሰበት ጥግ ሳቧት።

በበነጋው ውኃው መጣ፤ አልደረሰባትም። ከዚያ ወዲያማ ጭራሽ እየራቀ ሄደ።

"አባባ፣ ባሕሩን ምን ነካው?" አለ አማች።

"ምን ይነካዋል! ውኃውን የምትስበው ጨረቃ ናት። ፀሐይም ትስባለች፤ ሩቅ ስለሆነች ግን ጉልበቷ ያንሳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን፣ ጠፍታም አዲስ ስትሆን፣ ሁለቱ በአንድ መስመር ይስባሉ፤ ውኃው እዚህ ድረስ ይመጣል። በግማሽ ጨረቃ ግን አንዷ ወዲህ አንዷ ወዲያ ናቸው፤ ሙላቱ ያንሳል።"

"እና መቼ ልትነሣ ነው?"

"በአዲስ ጨረቃ። ሁለት ሳምንት ገደማ።"

"ይህን እያወቁ እዚህ አቆሟት?"

"እርጅና ነው ልጄ፤ ተሳሳትኩ" አሉ፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው።

አማች አመነ፤ እንዲያውም አዘነላቸው። ልጅ ግን አባቷን ታውቃለች። ጀልባዋ ሥር ሲፍቁ አገኘቻቸው።

"አባዬ፣ አንተ በዚህ ሥራ አትሳሳትም።"

"የማይሳሳት ማን አለ?"

"ኧረ አታድክመኝ! አትሂጂ ብለህ አፍ አውጥተህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"ብልሽ ትቀሪ ነበር?"

"አልቀርም።"

"ታዲያ!" አሉና ወደ መፋቂያቸው ዞሩ። እሷም ሌላ መፋቂያ አንሥታ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ለባሏም አልነገረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳቸውን እዚያው አሸዋው ላይ አብረው በሉ፣ ስለማይረባው ሁሉ አወሩ፣ ተጨቃጨቁ።

አዲስ ጨረቃ ሆነች፤ ውኃው እየገፋ መጥቶ ጀልባዋን ነቀነቃት። ገመዱን ራሳቸው ፈቱ።

"ቶሎ ጀልባዋ ላይ ውጪ፣ ውኃው ይሸሻል" አሏት ልጃቸውን።

"አባዬ፣ ጀልባ በስንት ጊዜ ነው የሚፋቀው?"

"በስድስት ወር።"

"እንግዲያው በስድስት ወር፣ በሙሉ ጨረቃ ማግስት እንመጣለን" አለች አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ። "አንተም እዚሁ ቦታ አቁማት።"