ጣሳው የተጣለበት የወፍጮ ባቡር

በጎጃም ሐዲድ ባያልፍም የወፍጮን ሞተር ባቡር እያልን ነው ያደግነው። ቡሬ ዳር የነበረውን ባቡር ያለ አስተማሪ ያስነሣሁት እኔ ነኝ። የቄስ ትምህርቴ ዳዊት ላይ ቀርቷል፤ ሞተር ግን ፈትቼ እየገጠምኩ ተምሬያለሁ። መጀመሪያ ስገጥመው ሁለት ብሎን ተረፈኝ፤ ሞተሩ ያለ እነሱ ተነሣ። ፋብሪካው በከንቱ የጨመራቸውን እነዚያን ብሎኖች እስከ ዛሬ በኪሴ ይዤ እዞራለሁ።

የጭሱ መውጫ ጫፍ ላይ ጎኑን የበሳሁት የዘይት ጣሳ ደፍቼ ነበር። “ቱ! ቱ! ቱ!” የሚያሰኘው እሱ ነው። ወንዝ ማዶ ያለች ሴት ያን ስትሰማ እህሏን ትጭናለች፤ ካልሰማች በከንቱ አህያ አትነዳም።

የመብራት ወፍጮ ሲመጣ ባቡሬ ቆመ፤ ዶሮ ሰፈረበት። ዘንድሮ የባህል ኃላፊው መጣና “ቅርስ ነው” አለ። ታድሶ እንዲመረቅ ቀን ቆረጡለት። በምረቃው ዕለት ከሠራ እዚያው ይጠበቃል፤ ካልሠራ ለብረት ገዢ ይሸጣል። ለእድሳቱ ከባሕር ዳር ወጣት መሐንዲስ ተጠራ። ለእኔ የክብር ወንበር ተሰጠኝ። ቀድሞ የወጣን ጆሮ በኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው ይላሉ። ይብለጠው፤ ቀንድ ግን አይሰማም።

መሐንዲሱ ባቡሩን ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ቀባው። የወፍጮ ድንጋዮቹን በር ላይ በሲሚንቶ አቁሞ አበባ ተከለባቸው። ጣሳዬን “ዝገት ነው” ብሎ ወረወረው፤ አንሥቼ ጋቢዬ ውስጥ ከተትኩት።

የናፍታውን ክዳን ሲቀባ “ልጄ፣ እዚያች ጋ ቀዳዳ አለች” አልኩት።

“አባባ፣ አርፈው ይቀመጡ፤ ልብስዎን ቀለም እንዳይነካው።”

አረፍኩ።

በምረቃው ዕለት ሞተሩ ተነሣና ጥቂት ሠርቶ ጠፋ። መሐንዲሱ ክዳኑን ከፍቶ አየ፤ ናፍታው ሙሉ ነው። አጥብቆ ዘጋው። ደግሞ ተነሣ፤ ደግሞ ጠፋ። ሦስተኛም እንዲሁ። ብረት ገዢው መኪናውን ወደ በሩ አስጠጋ።

“በቃ፣ ይተውት” አለ ኃላፊው።

የወጣትነት ዘመኔን የበላ ብረት ነው፤ ተሰባብሮ ሲጫን ተቀምጬ አላይም። ተነሣሁ።

“ኢንጂነር፣ አፍህን ይዘህ ከገንቦ ጠጥተህ ታውቃለህ?”

“ምን ማለትዎ ነው?”

“ባቡሩን አፉን ይዘኸው ነዋ!”

አንገቴ ላይ ባለው የእሾህ ማውጫ ወረንጦ ሹል ጫፍ ክዳኑ ላይ የደረቀውን ቀለም ወጋሁት። የመርፌ ቀዳዳ የምታክል መተንፈሻ ናት፤ ስትደፈን ናፍታው አይወርድም። ቀዳዳዋ “ሲ...ስ” ብላ አየር ሳበች። የማስነሻውን ብረት፣ ማኖቬላውን፣ በዚህ ዕድሜዬ ራሴ አዞርኩት። ተነሣ፤ አልጠፋም። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ብረት ገዢው መኪናውን አዞረ።

ግን ድምፁ የታፈነ ሳል ነበር። ጣሳውን አውጥቼ በቦታው ደፋሁት። “ቱ! ቱ! ቱ!” አገሩ ሁሉ ሰማ። የሠላሳ ዓመት ድምፄ ነው፤ ማንም አይሳሳተውም።

ኃላፊው ንግግሩን ሳይጨርስ አራት ሴቶች አህያ እየነዱ በበሩ ገቡ። ለካ መብራት ጠፍቶ የመብራት ወፍጮው ከቆመ አራተኛ ቀኑ ኖሯል። ከኋላቸው ሌሎችም ይመጣሉ። የፊተኛዋ ጤፏን አራግፋ እጅ ነሣችኝ።

“ተመስገን፣ ድምፅዎን ሰማን። አባቴ፣ ወረፋ የት እንያዝ?”

ድንጋዮቹ በበሩ ግራና ቀኝ አበባ ተሸክመው ቆመዋል። አረንጓዴው ባቡር የሚፈጭበት ሳይኖረው ይጮኻል።

“እቴ፣ የተማረው እሱ ነው፤ እሱን ጠይቂው” ብዬ ወደ መሐንዲሱ ጠቆምኳት፤ ወደ ክብር ወንበሬም ተመለስኩ።